የመጀመሪያዋ አንባቢ

አስራ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ያላት ልጅ፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ምን ስትሠራ ትውላለች?

ወይዘሮ ሶስና ይህን ጥያቄ ከረፋድ ጀምሮ ሲያላምጡት ዋሉ፤ አልዋጥ አላቸው። የሳሎኑ ግድግዳ ላይ ያለው መስታወት የልጅ ልጃቸው ናርዶስ የት እንዳለች በአረንጓዴ ነጥብ ያሳያል። ነጥቧ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምራ ቀጠማ ምንጭ የሚባለው መንደር ላይ ተተክላ ቀርታለች። አንዴ ወደ ግራ ፈቀቅ አለች። አንዴ ቁልቁለቱን ወረደች። ከዚያ በኋላ ንቅንቅ የለም። ወይዘሮ ሶስና ድንች ይልጣሉ፣ ቀና ብለው ያዩዋታል። የደም ግፊት ክኒናቸውን ይውጣሉ፣ ቀና ብለው ያዩዋታል።

"ቆመሽ ነው ወይስ ወድቀሽ?" አሏት ነጥቧን። "ተናገሪ እንጂ!"

ናርዶስ ጋዜጠኛ ናት። መታወቂያዋ እንዲያ ይላል። ዜና ግን አትጽፍም፤ የአገሩን ዜና ሁሉ የሚጽፈው ጸሐፊው ነው፣ ጸሐፊው ደግሞ ሰው አይደለም። ሕጉ "ሰው ባልቆመበት ቦታ ዜና የለም" ስለሚል፣ ነቁጥ ዜና የሚባለው ድርጅት ስልሳ አራት ጋዜጠኞች ቀጥሮ በየቦታው ያቆማል። ጋዜጠኛው ይሄዳል፤ የእጁ አምባር እስኪጮህ አስራ ሁለት ደቂቃ ይቆማል፤ ይመለሳል። ሰው ማናገር አልተከለከለም፣ ግን ምን ይረባል? እሱ ገና ቆሞ ሳለ ዜናው ወጥቷል። ከሥሩም የቆመው ሰው ስምና "ከስፍራው" የሚል ቃል አለበት። በቀደም አንዱ ጎረምሳ ቀብር ላይ ቆሞ ደጋግሞ ቢያዛጋ፣ ዓይኑ ውሃ አቀረረ። ዜናው "ጋዜጠኛው እንባውን መግታት ተስኖት ታይቷል" ብሎ ወጣ። ከተማው ሳምንቱን ሙሉ ሳቀበት። ወይዘሮ ሶስና አልሳቁም።

ልቦለድ ግን እንደ እጅ ፈትል ጋቢ ነው፤ ሰዉ በሰው እጅ የተሠራውን ይመርጣል። ናርዶስ ከሥራ መልስ ልቦለድ ትጽፋለች፣ ፈቃዷ ላይም የጋዜጠኛና የደራሲ ሁለት ማኅተም አለ። የሚነበብላት ያ ነው።

ልጅቷ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ገባች። ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው።

"እማ፣ ደህና ዋልሽ?"

"ደህና አልዋልኩም። አምባርሽ የጮኸው ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው።"

"ቆጠርሽ?"

"ታዲያ ምን ልቁጠር? የኪሩቤል እናት ምን ስትቆጥር እንደምትውል ታውቂያለሽ? ደረጃ!"

ኪሩቤል አራተኛ ፎቅ የሚኖር ጋዜጠኛ ነበር። አምባሩ ከጮኸ በኋላም እየቆየ ሰው ሲጠይቅ ተገኘና ስሙ ከመዝገብ ተነሳ። አልታሰረም፤ የነካውም የለም። ብቻ አሳንሰሩ አያውቀውም። አውቶቡሱ አይከፍትለትም። ክሊኒክ ሲገባ በሩ "ማንም አልገባም" ይላል። የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰው፣ ዳቦ የምትገዛለት እናቱ ናት።

"ውሃ ስጪኝ መጀመሪያ፣" አለች ናርዶስ። ጭልጥ አድርጋ ጠጣችና ብርጭቆውን አየችው። "እማ፣ መስከረም ላይ እዚያ ቆሜ ነበር። ታስታውሻለሽ? 'የቀጠማ ምንጭ ነዋሪዎች የሙቅ ውሃ ተጠቃሚ ሆኑ' የሚለው።"

"ጥሩ ዜና ነበር።"

"ጥሩ ዜና ነበር። ከሥሩ የኔ ስም አለበት። ኮረብታው ላይ ያለው ትልቁ ሕንፃ የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የጸሐፊው ነው። እሱ የሚያስብበት ቤት ነው። ቀዝቃዛውን ምንጭ ጠልፎ ያስገባል፣ እንዳይግል ይጠጣዋል፤ ሲጨርስ ሙቁን ለመንደሩ ይለቃል። ከምን ጋር ቀላቅሎ እንደሚለቀው እሱ ያውቃል። ቆሜ ሳለሁ አንዲት ሴት ጆግ ይዛ መጣችና 'ቅመሺው' አለችኝ።"

"ቀመስሽው?"

"አልቀመስኩትም። አምባሩ ጮኸ፣ ሄድኩ።" ናርዶስ ብርጭቆውን ገፋችው። "ከዚያ ወዲህ በራሴ ጊዜ አስራ አንድ ጊዜ ተመልሻለሁ።"

ወይዘሮ ሶስና ተቀመጡ። አስራ አንድ! እሳቸው የያዙት ስድስቱን ብቻ ነበር።

*

በሰው እጅ የተጻፈ ነገር ሳይመዘገብ አይወጣም። ለመመዝገብ የመጀመሪያ አንባቢ ያስፈልጋል፦ ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር ሲነበብለት የሚሰማ፣ ከዚያም ደራሲው እንዳይጫነው ብቻውን ሆኖ "እውነት" ወይም "ልቦለድ" ከሚሉት ሁለት ሳጥኖች በአንዱ ላይ አውራ ጣቱን የሚያሳርፍ ሰው። የናርዶስ የመጀመሪያ አንባቢ አያቷ ናቸው። ይኸው ስምንት ዓመታቸው። ወይዘሮ ሶስና ትምህርታቸው ከአስረኛ ክፍል አላለፈም፤ ግን የወረቀት ጋዜጣ ሊሞት ሲያጣጥር አንዱ ዝግጅት ክፍል ውስጥ ታይፒስት ነበሩ፤ የላላ አረፍተ ነገር ከሩቅ ይሸታቸዋል። "እዚህ ጋ ቸኮልሽ" ይሏታል። "ይቺ ሴትዮ እንዲህ አትልም" ይሏታል። ልጅቷም ትነጫነጫለች፣ ግን ታርማለች። እስከዛሬ ጣታቸውን ያሳረፉት ሁልጊዜ ልቦለድ ላይ ነው።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ናርዶስ አነበበች። አርባ ደቂቃ ፈጀባት። ጌጥ አልነበረውም። መጀመሪያ ላሞች ነበሩ፤ ጽንስ የጣሉ አስራ አራት ላሞች፣ ከነባለቤቶቻቸው ስም። ቀጥሎ ውሃው የተለቀቀባቸው ቀናት። ከዚያ ሴቶቹ መጡ።

"'ትርሲት ሽፈራው፣ አምስተኛ ወሯ ነበር። ቃልኪዳን ደጀኔ፣ ሦስተኛ ወሯ። እየሩስ ተፈራ፣ ስድስተኛ ወሯ፤ ሲጨነግፍባት ሁለተኛዋ ነው...'"

ሰባት ሴቶች፣ በአንድ ዓመት፣ አርባ ሁለት አባወራ ባለው መንደር። ወይዘሮ ሶስና መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ጭነው ሰሙ። የገዛ ልጃቸው፣ የናርዶስ እናት፣ በምጥ ነው የሞተችባቸው። አንድም ቦታ "እዚህ ጋ ቸኮልሽ" የሚሉበት አላገኙም፤ ይህም አናደዳቸው።

"ስማቸውን ለምን?" አሉ ሲያልቅ። "'አንዲት ሴት' ብትዪ ምን አለ? ይሄ የጓዳ ነገር ነው። አደባባይ አይወጣም።"

"ስማቸውን የሰጡኝ እነሱ ናቸው። ቃልኪዳን ለባሏ እንኳ አልነገረችም። 'እውነት ተብሎ የሚመዘገብ ከሆነ ጻፊው፣ እኔ ለሱ የምነግርበት አፍ የለኝም' አለችኝ። ሐሙስ የውሃ ችሎት አለ፣ እማ። ችሎቱ የተመዘገበ እውነት ካልቀረበለት አያይም።"

"ያ ሕንፃ የእንጀራ ገመድሽ ነው! ሰኞ ጠዋት ስምሽን ሲያነሱት፣ ትርሲት ናት መጥታ ዳቦ የምትገዛልሽ?"

"መስከረም ላይ ስሜን ውሸት ሥር አስቀምጠውታል። ያኔስ አልተነሳም?"

"አትራቀቂብኝ! እኔ ልጅ ቀብሬያለሁ። ያንቺን ጀግንነት የምሸከምበት ትከሻ የለኝም።"

"አላሸክምሽም። ጣትሽን ብቻ አሳርፊልኝ።" ናርዶስ ተነሳች። ድምፅዋ ለስለስ አለ። "እውነት ላይ፣ እማ። በረንዳ ነኝ።"

ወጥታ በሩን ዘጋች። ሁለቱ ሳጥኖች መስታወቱ ላይ በሩ።

ወይዘሮ ሶስና አውራ ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። እጃቸው ወደ "እውነት" ሄዶ ነበር፤ ይህን የሚመሰክርላቸው የለም፣ ግን ሄዶ ነበር። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣላቸው፤ ሲመጣም ከእግዜር የተላከ ያህል ቀለላቸው። ቃሉ ያው አይደለም? አንዲት ፊደል አትነካ። ላሞቹ አሉ፣ ሴቶቹ አሉ፣ ውሃው አለ። እውነት ተብሎ ቢወጣ ስንት ሰው ሊያነበው? ልቦለድ ቢባል አገር ያነበዋል። የገባው ይገባዋል። በልቦለድ ደግሞ ስሙ የተነሳ ሰው በዚህ ዘመን የለም።

ጣታቸውን አሳረፉ።

"ልቦለድ፣" አለ መስታወቱ። "እርግጠኛ ነዎት?"

"ነኝ። አታድርቀኝ።"

ናርዶስ ስትገባ "ጨረስኩት" አሏት። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። እንዲህ አድርጋ የማታውቅ ልጅ። ወይዘሮ ሶስና ፊታቸውን ወደ ማድቤት አዞሩና ሽንኩርት መክተፍ ጀመሩ። የሚሠራ ወጥ አልነበረም።

*

ጽሑፉ ረቡዕ ጠዋት ወጣ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የናርዶስ አለቃ ጋሽ ሙሉሰው በመስታወቱ ደወለ። ድምፁ ሳሎኑን ሞላው።

"ናርዲ! እንኳን ደስ ያለሽ! በግማሽ ቀን አምስተኛ ደረጃ! እንዲህ ያለ ልቦለድ ይወጣሻል ብዬ አስቤ አላውቅም።"

ናርዶስ ጸጉሯን እያበጠረች ነበር። ማበጠሪያውን እንደያዘች ቀረች። "ምን ልቦለድ?"

"የቀጠማ ምንጩ ነዋ! ሰዉ ምን እንዳለ አላየሽም?"

አስተያየቶቹ መስታወቱ ላይ ወረዱ።

"እንባዬን አላቆምኩም። ግን ሰባት ሴት በዛ፤ ተዓማኒነቱን ቀንሶታል። ሦስት ይበቃ ነበር።"

"ትርሲት የምትባለዋን ገጸ ባሕርይ ወደድኳት። በሚቀጥለው መንታ ትውለድ!"

"የላሞቹ ክፍል ይንዛዛል።"

ናርዶስ ሁለት ጊዜ አነበበቻቸው። "ጋሼ፣ ይሄ ልቦለድ አይደለም።"

"ምዝገባው ልቦለድ ይላል።"

"እንግዲያው ይታረም። ነገ ችሎት ነው።"

የሙሉሰው ድምፅ ዝቅ አለ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። "የመጀመሪያ አንባቢን ጣት ማንም አያነሳም፣ ናርዲ። አንባቢዋ ራሷ መዝገብ ቤት ቀርባ 'አውቄ በሐሰት ነው ያሳረፍኩት' ካላለች በቀር። እንዲያ ያለ ሰው ደግሞ እዚያው ስሙ ይነሳል። ሌላም ነገር አለ። በልቦለድ የተመዘገበ ነገር ፈጠራ ነው። ሰዎቹም፣ ቦታውም። ይዞት ችሎት የሚቀርብ ሰው ከልቦለድ እንደቀዳ ነው የሚቆጠረው። ይልቅ ክፍል ሁለትን አስቢበት። ሰዉ ይፈልጋል።"

መስታወቱ ጠፋ።

"እማ። ጣትሽን የት ነው ያሳረፍሽው?"

ወይዘሮ ሶስና ከወንበራቸው አልተነሱም። "አንዲት ፊደል አልነካሁም! ያልሽው ሁሉ አለ። አገሩ እያነበበልሽ ነው!"

"ተነበበ አልተነበበ ግድ አለኝ? አስራ አንድ ጊዜ የሄድኩት ለመነበብ ነው?"

"እኔ ምን አውቄ! ፈጠራ ይሆናሉ ብሎ ማን ነገረኝ? ቃሉ ያው ከሆነ ያው ነው ብዬ!" ድምፃቸው ተሰነጠቀ። "ደግሞስ ባውቅስ? እናትሽን ቀብሬያለሁ። አንቺን በቁምሽ እንዲቀብሩብኝ በገዛ ጣቴ ልፈርምላቸው ኖሯል?"

"ሰባት ሴት አመኑኝ!"

"እኔ አንዲት አለችኝ!"

ማበጠሪያው ግድግዳውን መትቶ ወደቀ። ናርዶስ ዕቃ የምትወረውር ልጅ አልነበረችም፤ ለራሷም ሳይገርማት አልቀረም። በዚህ መሃል በሩ ተንኳኳ።

የመጣችው ሴት ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ሻሿ ተንሸራቶ ትከሻዋ ላይ ወድቋል፣ አላነሳችውም። ወይዘሮ ሶስና አይተዋት አያውቁም፤ ግን ናርዶስ "ትርሲት" ስትል ማን እንደሆነች አወቁ። ቅዳሜ በጆሯቸው የሰሟት ሴት ቆማ እየተነፈሰች ነው።

"ግቢ፣ ልጄ። ተቀመጪ። ውሃ ላምጣልሽ?" አሉ ወይዘሮ ሶስና።

"ውሃ?" አለች ትርሲት። አየቻቸው። ከዚያ ፊቷን ወደ ናርዶስ መለሰች፤ አልተቀመጠችም። "መዝገብ ቤት ሄጄ ነበር። ለነገው ስማችንን ላስመዘግብ። ልጁ ስምሽ ማነው አለኝ። ነገርኩት። ሳቀ፣ ታውቂያለሽ? በክፋት አይደለም። 'እህቴ፣ አንቺ እኮ ገጸ ባሕርይ ነሽ፤ ጠዋት አንብቤሻለሁ' አለኝ። ጓደኛውን ጠርቶ አሳየኝ።" ሻሿን ከትከሻዋ ሳበችው፣ በጡጫዋ ጨበጠችው። "ንገሪኝ እስቲ። እኔ የማን ፈጠራ ነኝ? ጓሮዬን ቆፍሬ የቀበርኩት የማን ፈጠራ ነው?"

"ትርሲት፣ ስሚኝ..."

"አልሰማሽም! አንቺ ስትሰሚ ቆየሽ፣ እኛ ስናወራ ቆየን፣ ምን አተረፍን? የኔስ ይሁን። የቃልኪዳን ባል አነበበው። 'ይሄ እውነት ነው?' አላት። ምን እንዳለችው ታውቂያለሽ? 'ተረት ነው' አለችው። ምን ትበል? ለመናገር አፍ አልነበራትም፣ ባንቺ አፍ ልትናገር ነበር። እሱንም ወሰድሽባት።"

ናርዶስ አያቷን አልጠቆመችም። "እሷ ናት" አላለችም። ወይዘሮ ሶስና ጠበቁ፤ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምትጎድለው። አልመጣችም።

ትርሲትም ደከማት፣ የበሩን መቃን ተደገፈች። "የሚመለስበት መንገድ የለም?" አለች በሌላ ድምፅ። "ነገ ጠዋት ነው እኮ። ሌላ ችሎት የሚቀመጠው በዓመቱ ነው። ያን ውሃ ሌላ ዓመት እንጠጣ? እየሩስ እንደገና እርጉዝ ናት።"

"መንገድ የለም፣" አለች ናርዶስ።

ወይዘሮ ሶስና ሰሙ። ስምንት ዓመት ሙሉ የዚችን ልጅ ድምፅ ሲሰሙ ኖረዋል፤ ያየችውን ስትናገር ቃሏ ይደርቃል፣ የፈጠረችውን ስትናገር ይለሰልሳል። ይህ ለስላሳ ነበር። ስሟ ውሸት ሥር ገባ ብላ መስከረምን ሙሉ እንቅልፍ ያጣች ልጅ፣ አሁን ጽንሷን የቀበረች ሴት ዓይን ዓይኗን እያየች ዋሸች። ለማን ብላ እንደዋሸች ደግሞ ግልጽ ነው።

ያን ጊዜ ንዴቱ መጣ። ቅድም ሲጮሁበት የነበረው ዓይነት አይደለም፤ ያኛው ፍርሃት ነበር። ይህኛው ከእግር ጥፍራቸው ተነስቶ ቀስ ብሎ ወጣ። በኮረብታው ሕንፃ ተናደዱ፣ ጠጥቶ ጠጥቶ የሰው ማኅፀን በሚያደርቀው። ሰውን አስራ ሁለት ደቂቃ አቁሞ ስሙን በሚነጥቀው ሕግ ተናደዱ። "ሦስት ይበቃ ነበር" ባለው በማያውቁት ሰው፣ በመዝገብ ቤቱ ልጅ ሳቅ፣ በገዛ አውራ ጣታቸው ተናደዱ። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ያቺ ቀጥ ብላ የቆመች ልጅ በሳቸው ምክንያት ስትጎብጥ በማየታቸው።

ሰዓቱ አስር ሆኗል። መዝገብ ቤቱ አስራ አንድ ላይ ይዘጋል።

"እንግዲያው ምን ልበላቸው?" ትላለች ትርሲት። "መንደር ገብቼ ምን ልበላቸው?"

"እኔ ራሴ መጥቼ እነግራቸዋለሁ።"

"አትምጪብን! አንቺ ስትመጪ..."

ወይዘሮ ሶስና መደገፊያውን ይዘው ተነሱ። ነጠላቸውን ከወንበሩ ጀርባ አንስተው ተከናነቡ። ጫማቸውን በር ላይ አደረጉ፤ ግራው አስቸገራቸው፣ ጎንበስ ብለው ተረከዙን በጣታቸው ሳቡት። ሁለቱ ሴቶች እየተጯጯሁ ነበርና መጀመሪያ አላዩዋቸውም። ትርሲት የተደገፈችበት መቃን ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ክንዷ ላይ ጣል አደረጉ፤ እሷም ሳይገባት መንገድ ለቀቀችላቸው።

"እማ?" አለች ናርዶስ። ከዚያ ገባት። "እማ! እማ፣ ተይ!"

ወይዘሮ ሶስና በሩን ከኋላቸው ዘጉት።